የአክስቴ ቀኝ እግር

አክስቴ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኝና በመካኒክ መካከል የተጣበቀች ጠባብ ክፍል ናት። ቆዳና ማስቲሽ ይሸታል። የተሰፉት ልብሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ሲታዩ ትከሻ ብቻ ያላቸው ሰዎች ይመስላሉ። መሃል ላይ የስፌት መኪናዋ አለ፤ ወፍራም ቆዳ እንደ ወረቀት የሚበሳ ከባድ መኪና ነው። አክስቴ ስስ የሸራ ጫማዋን አድርጋ ከፊቱ ትቀመጣለች። የቀኝ እግሯን ጣቶች ጫን ስታደርግ ይከንፋል፤ ተረከዟን ወደ ኋላ ስትጥል ቀጥ ይላል። አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ይህን ስትሠራ የኖረችው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው።

ሞተሩ ወደ ሕይወታችን የገባው በኮርቻው በኩል ነው። አንድ ወጣት የተቀደደ ኮርቻ ሊያሰፋ መጣ። ሞተር ሳይክሉ አረንጓዴ፣ ከፊት ያጎነበሰ፣ ከኋላ ቂጡን የሰቀለ የውድድር ሞተር ነበር። የሰፈሩ ሰው ወዲያው “አንበጣው” አለው። አክስቴ ኮርቻውን ሰፍታ ከገጠመች በኋላ፣ “እስቲ ስፌቴን ልሞክረው” ብላ ተቀመጠችበት። መሪውን ያዘች። በቃ፣ የሆነው ያኔ ነው። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ መስኮት የተከፈተበት ቤት ይመስል ነበር። ልጁ ለትምህርት ሩቅ አገር ሊሄድ ስለነበር ሞተሩን ይሸጠው ነበርና፣ ማንንም ሳታማክር ገዛችው።

“ሴትዮ፣ አብደሻል?” አለ ባሏ፣ የማታውን ራት እንኳ ሳይነካ።

“አላበድኩም።”

“ብስክሌት ነድተሽ አታውቂም እኮ!”

“አሁን ልጀምር ነዋ።”

“በዚህ? ይሄ ሞተር አይደለም፣ ሚሳይል ነው! ለጀማሪ ትንሿ አለችለት፣ ቱር ቱር የምትለው።”

“ቱር ቱርማ ቀኑን ሙሉ ስል ነው የምውለው” አለች አክስቴ። “ስማኝ እስቲ። መኪናዬ ከጠዋት እስከ ማታ ይሮጣል። ስነሣ ግን ያው የተቀመጥኩበት ነኝ። ለሰው ሁሉ የመንገድ ወንበር ሰፍቼ፣ እኔ የትም አልሄድኩም። አንድ ቀን እንኳ አብሬው ልሩጥ።”

ባሏን ጋሼ ነው የምለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዕድሜውን ከትልቅ መስታወት ጀርባ ስላሳለፈ፣ በሁለት ጎማ የሚሄዱ ሰዎች ምን እንደሚደርስባቸው ከማንም በላይ አይቷል። በማግስቱ ለሞተሩ ገዢ ፈልጎ አገኘ። አክስቴ ስትቆጣ ግን ውል አቀረበላት።

“ከአደባባዩ በላይ ያለውን ዳገት ታውቂዋለሽ? መብራቱ ያለበትን? እሑድ እዚያ ቀይ መብራት ላይ ቆመሽ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ተነሥተሽ ካለፍሽ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ከጠፋብሽ ግን ለገዢው እደውላለሁ።”

“እሑድ?”

“እሑድ።”

“ደውልለትና ሌላ እንዲፈልግ ንገረው” አለች።

አስተማሪዋ የጎን ጎረቤቷ መካኒኩ ሆነ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ፤ በየጠዋቱ ሱቅ ከመከፈቱ በፊት እዚያ እንሄዳለን። እኔ ሥራዬ ማየት ብቻ ነበር፣ ግን ማየቱም ቀላል አልነበረም። አንበጣው መጀመሪያ ሲነሣ ድምፁ ጆሮዬን ትቶ ደረቴ ውስጥ ገባ። አንድ ነገር በቁጣ እየዘመረ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቁጣና ዝማሬ አንድ ጉሮሮ ሊኖራቸው እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

“ግራ እጅ ፍሪሲዮን፣ ሲለቁት ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው፤ ቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን” አላት መካኒኩ። “ግራ እግር ማርሽ፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን። ነዳጁን እትዬ፣ እንደ በር እጀታ አይጠምዝዙት። የተኛ ሕፃን እንደሚነኩ ነው። ቀስ ሲሉ ደግሞ ለማቆም የእግሩን ፍሬን ይጠቀሙ።”

ነዳጅ ሰጠች። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫውን ደፍቶ ድርግም አለ። ደግማ አስነሣች፤ ድርግም። እንደገና፤ ድርግም። አንዳንዴ ደግሞ በድንገት እንደ ግልገል ዘሎ ይወጣና፣ አክስቴ እየጮኸችም እየሳቀችም ሜዳውን ታቋርጣለች፤ ያኔ እኔም ሳላስበው አጨበጭባለሁ። ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው።

“ፍሬን! በእግር! በእግር!”

“ይዣለሁ እኮ!”

ይዣለሁ እያለች የባዶ ካርቶኖች ክምር ውስጥ በዝግታ ገባች። ከካርቶኖቹ መሃል ሄልሜቷ ብቻ ብቅ አለ።

“ፍሬን የለውም ይሄ!” አለች።

መካኒኩ ራሱ ወጣበት። አንበጣው እንደ ቅቤ ተነሣ፣ ሜዳውን ዞረ፣ እግሯ ሥር መጥቶ ቆመ። “ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ እትዬ።”

“እና እኔ ነኝ በሽተኛዋ?”

መካኒኩ ቁልፉን መለሰላት። ሐሙስ ሆኖ ነበር። የአክስቴን ፊት ሳይ፣ ገና ያልተዘጋ መስኮት ነፋስ ሲገፋው ታየኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ሱቅ ውስጥ አብሬያት ተቀመጥኩ። አንድ ቡናማ የወንበር ልብስ ከመርፌው ሥር አስገብታ ነበር፣ ግን አልሰፋችም።

“ምኑ ላይ ነው የሚጠፋብሽ?” አልኳት።

“ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ተመልከተኝ እስቲ።” ሁለት እጆቿን ከመኪናው በላይ ወደ ፊት ዘርግታ የሌለ መሪ ጨበጠች፤ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች። “ይኸው ማርሽ አስገባሁ። ይኸው ነዳጅ ሰጠሁ። ፍሪሲዮኑን ቀስ... ቀስ... አሁን ሂድ ስለው...”

ታታታታታታ!

የስፌት መኪናው ተነሣ። ቡናማውን ልብስ ማንም ሳይመራው ጎትቶ ዋጠው፣ አጣመመው፣ ከጠረጴዛው ጫፍ አሻግሮ ጣለው። አክስቴ ደንግጣ ተረከዟን ወደ ኋላ ጣለች፤ መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ ቀስ ብላ አጎንብሳ ከጠረጴዛው ሥር የገዛ እግሯን አየችው፣ ሌባ የያዘች ይመስል።

“አንተ ነህ?” አለችው።

እውነትም እሱ ነበር። አክስቴ ልቧ “ሂድ” ባለ ቁጥር የቀኝ እግሯ ጣቶች ይጫናሉ፤ ሞተሩ ላይ ግን ጣት ሥር ያለው ፍሬን ነው፣ ሊሄድ ሲል ታንቆ ይጠፋል። “ቁም” ስትል ደግሞ ተረከዟን ትጥላለች፤ ሞተሩ ላይ ተረከዝ ሥር ምንም የለም። የተባረከው እግር ዕድሜውን ሙሉ በታማኝነት ሲያገለግል የኖረበትን ነው የሠራው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። መካኒኩ ሳቁን ሰምቶ በእጁ መፍቻ እንደያዘ መጣና፣ ሲነገረው እሱም ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

“የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አሉ!” አለ እንባውን እየጠረገ። “እና አሁን ምን ይሻላል? እግር እንደሆነ አይቀየርም።”

“ጫማውን እቀይራለኋ!” አለች አክስቴ።

መካኒኩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቡትስ ያድርጉ እያለ ሲለምናት፣ እግሬ ይታፈናል ብላ የሸራ ጫማዋን አልተው ብላ ነበር። እግሯ ታዲያ ጫማው ያው፣ ሥራው ያው መስሎት ቢሳሳት ማን ይፈርድበታል? ማታውኑ ከቤት አንድ ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቡትስ አመጣች። ዓርብ ጠዋት ያንን አድርጋ ወጣች። መጀመሪያ አንዴ ጠፋባት። ከዚያ ቁልቁል እግሯን አየችና፣ “እዚህ ስፌት የለም፣ ሰማህ?” አለች። ነዳጅ ሰጠች፣ ለቀቀች።

አንበጣው ሄደ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሜዳውን ዞረች፣ ደግማ ዞረች፣ ፍሬን ያዘች፣ ቆመ! ቅዳሜ መካኒኩ ከኋላ እየተከተላት ገና ሰው ያልበዛበት ሰፊ መንገድ ላይ ወጣች። በጉልበቶቿ ታንኩን እቅፍ፣ ዓይኗን ከጎማው ላይ አንሥታ ወደ ሩቅ። ማርሽ ስትጨምር ድምፁ አንድ እርከን ወደ ላይ ይወጣል፣ ደግሞ ይወጣል። ስትመለስ ሄልሜቷን አወለቀች፤ ፀጉሯ ተጨፍልቋል፣ ጉንጯ ቀልቷል። “መንገዱ እኮ” አለች፣ “መንገዱ እኮ ወደ እኔ ነው የሚመጣው!” እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ግጥም ብዙ ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ስንኝ ግን አልወጣልኝም።

እሑድ እኔና ጋሼ ዳገቱ መሃል፣ መብራቱ ሥር ቆምን። ጋሼ ስልኩን በእጁ ይዟል። ድምፁን ቀድመን ሰማን፤ ከዚያ አረንጓዴው ከታች ብቅ አለ። መብራቱ ቀይ ሆነ። አክስቴ መጥታ ቆመች፤ ቀኝ እግሯ ፍሬኑ ላይ፣ ግራው መሬት ላይ። ወደ እኛ ዘወር አላለችም።

“ያ ቡትስ...” አለ ጋሼ። “ያ የእኔ የክረምት ጫማ አይደለም እንዴ?”

“በሁለት ካልሲ ነው ያደረገችው” አልኩት።

መልስ ሊሰጠኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ዳገቱን እየተነፈሰ ወጥቶ ከኋላዋ ተጠግቶ ቆመ። በጣም ተጠጋ። ሞተሩ ጠፍቶባት ወደ ኋላ ብትንሸራተት መድረሻዋ የመኪናው አፍንጫ ነበር። ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ራቅ በል አንተ!” ብሎ ሾፌሩ ላይ ጮኸ። “አታይም እንዴ? ሰው እኮ ናት! ራቅ!”

ሾፌሩ እጁን ከማወናጨፍ በቀር አልተነቃነቀም። መብራቱ ተለወጠ።

አንበጣው ጮኸ። አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ሰገደ፤ ፍሪሲዮኑ ሊይዝ ጀምሯል፣ እግሯ ግን ፍሬኑን ገና አልለቀቀም። ድምፁ ወፈረ፣ ሊታነቅ ደረሰ። አሮጌው እግር “ተጫን፣ ተጫን” እንደሚላት አውቃለሁ። ዓይኔን ከቡትሱ ላይ አላነሣሁም።

“አንሺው” አለ ጋሼ በሹክሹክታ። “አንሺው በሞቴ።”

የቡትሱ ጫፍ ተነሣ።

ወደ ኋላ አንዲት ጣት ያህል እንኳ አልተንሸራተተችም። በፊታችን እንደ ጥይት አልፋ፣ ዳገቱን እንደ ሜዳ በልታ፣ ጫፉ ላይ ለአፍታ ሰማይ ነክታ ወደ ወዲያ ተሰወረች። እየዘለልኩ እንደነበር ያወቅኩት አንድ መንገደኛ ሲያየኝ ነው።

የጋሼ ስልክ ጮኸ። ገዢው ነበር።

“አቤት? የለም፣ ወንድሜ... የለም፣ ለሌላ ሰው አልተሸጠም። ሄዷል ነው የምልህ! አሁን፣ በፊቴ ሄደ! አላመንከኝም?”

ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ወደ ዳገቱ ጫፍ፣ ከወዲያ በኩል ማርሽ እየለወጠ ወደሚወጣው ድምፅ አዞረው።

“ስማው!” አለ።