የግማሽ ገመድ ማሳ

ሙሚና በየማለዳው የሽንኩርት ማሳዋን ዳር ዳሩን ትዞራለች፤ አራቱን የወሰን ድንጋዮች በእግሯ ገፋ እያደረገች ትፈትሻለች። ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ሁለቴ ትዞራለች። ድንጋዮቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቃት።

ማክሰኞ ዕለት በአዲሱ ልኬት የተዘጋጀው የይዞታ ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከስሟ ትይዩ 0.0625 ሄክታር ይላል። ልጇ ዓሊያ በስልኳ አሰላችው።

«አንድ ሄክታር ዐሥር ሺህ ካሬ ሜትር ነው፤ ጥማድ የዚያ ሩብ። የእኛ ግማሽ ጥማድ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ መሆን ነበረበት። እዚህ ያለው ስድስት መቶ ሃያ አምስት ነው።»

«ቀሪውስ?»

«የለም፣ እማ።»

ሙሚና ቀሪውን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። አዋሳኟ ሰዲቅ ክረምት ላይ ቦይ ሲጠርግ አይታዋለች። ወሰን ገፋብኝ ብላ ለሽማግሌዎች ከሰሰችው።

«ስድስት መቶ ካሬ በኪሴ ከትቼ ሄድኩ?» አለ ሰዲቅ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን ቁርዓን ይዞ ይማልልኝ አለች፤ ሽማግሌዎቹም ለዓርብ ቀጠሯቸው።

ሐሙስ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን፣ በባጃጅ ሸዋ ሮቢት ሄደች። የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛዋ ሐይማኖት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ መሬቱ ሲሰጥ በምን ተለካ?»

«በሃምሳ ሜትር ገመድ። ገመድ በገመድ አንድ ጥማድ ነው። ለባሌ፣ አላህ ይዘንለት፣ ግማሽ ገመድ በግማሽ ገመድ ደረሰው። ግማሽ ጥማድ ማለት ነው።»

ሐይማኖት አንድ ወረቀት አነሳች። «ይኼ ጥማድ ነው እንበል። አንዱን ጎን ግማሽ፣» አጠፈችው፤ «ሌላውንም ግማሽ።» ደግማ አጠፈችው፤ ዘርግታ ሰጠቻት። በእጥፋቶቹ መካከል አራት እኩል ክፍሎች ወጥተዋል። «የእርስዎ አንዱ ነው። ሃያ አምስት በሃያ አምስት። ማንም አልነካብዎትም።»

ሙሚና ክፍሎቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። በየዓመቱ ለግማሽ ጥማድ የሚሆን ችግኝ ታፈላለች፤ በየዓመቱም ግማሹ ይተርፋል። አራርቄ ስለምተክል ነው እያለች ለጎረቤት ታድለው ነበር፤ ለሰዲቅም ጭምር።

«ታዲያ ቅሬታውን ልመዝግበው?»

«ተይው፣ ልጄ።»

«መሬትዎ እኮ አልጎደለም፤ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

ሙሚና ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ሰዲቅ ቁርዓን ይዞ ይማልልኝ ያለችው እሷ ናት፤ መጀመሪያ የምትናገረውም እሷ ናት።