የጋሼ ምላጭ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ናዝሬት ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው። በደርግ ጊዜ ትንሿ ፊልም መጥታ ሰው “የእርስዎ ትልቁ ፊልም እኮ ሊቀር ነው” ሲላቸው፣ “ይሄ ከቀረ ሰው በምን ይደበቃል?” ይሉ ነበር።

ቀልዳቸውን አልነበረም። ልጇ የሚፈለግባት እናት ስትመጣ ልጁን ከቤተሰቡ ፊልም ላይ በምላጭ ይፍቁና በቦታው በእርሳስ ግድግዳ ይስሉበታል። ጥፍር በምታክል ፊልም ላይ ይህ አይሞከርም።

አንዲት የመቂ እናት ልጇ ከተገደለ በኋላ ተመልሳ መጣች።

“ጋሼ፣ አሁን ይመልሱልኝ። ሌላ ፎቶ የለውም።”

“ፍቅፋቂውን ጠርጌ ጣልኩት እኮ፣ እናቴ” አሏት። ከዚያ በራፉን እያዩ “ተረኛ!” ብለው ተጣሩ። አጠገባቸው ቆሜ ነበርና ያን ቀን ጠላኋቸው።

ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው ከፎቶ ላይ ሰው ያጠፋሉ፣ ሲያሰኛቸው ይመልሱታል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን ስንቀብር ከሬሳ ሳጥኑ ፊት የምንይዘው አንድ ፎቶ ብቻ ተገኘ። ሱፍ ለብሰው ቆመዋል፤ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። ለቀስተኛው “እጃቸው ምን ሆኖ ነው?” ይላል። እጃቸው ያረፈው የበኩር ልጃቸው ትከሻ ላይ ነበር። አሁን እዚያ ያለው ግድግዳ ነው፤ ጋሼ እንደዚያ አሳምረው የሳሉት ግድግዳ የለም።