ሐረር የቀረው ካፖርት

ከናዝሬት የተነሳሁት ማለዳ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ልብሱ ለድሃ መሰጠት ስላለበት፣ ሐረር እንዲሰጥ መረጥኩ። በወጣትነቱ እዚያ መምህር ነበር፤ ከተዛወረ በኋላም በየክረምቱ እየሄደ የካቶሊክ ሲስተሮች በሚያስተዳድሩት የሕሙማን ቤት ለአዛውንቶቹ መጽሐፍ ያነብላቸው ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ሸሚዞች አሉ። ካፖርቱን ግን ለብሼዋለሁ፤ እሱን ለማንም የመስጠት ሐሳብ አልነበረኝም።

አዋሽ ላይ ሙቀቱ አላስቀምጥ ቢለኝም አላወለቅኩትም። ከአሰበ ተፈሪ በኋላ መንገዱ ዳገቱን ሲጠማዘዝ ጉም ተቀበለን። ሂርና ወርደን ሽሮ በላሁ። ባለቤቴ «የሐረማያን ሐይቅ ሳይ ሐረር ገባሁ እላለሁ» ይለኝ ነበር፤ ሐይቁ ደርቆ እኔ ያየሁት ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው።

ሐረር፣ በማግስቱ

ከፈረስ መጋላ አደባባይ በባጃጅ ወደ ሕሙማኑ ቤት ሄድኩ። ከሲስተሮቹ አንዷ ሥጋ ደዌ ጣቶቻቸውን ወደ ጨረሰባቸው ሽማግሌ፣ ወደ አባ አህመድ ወሰደችኝ። የመምህሩ ሚስት መሆኔንና ማረፉን ስነግራቸው «ኢና ሊላሂ» አሉ።

«የዚያን የፈረንጅ ቅዱስ ታሪክ ያነብልን ነበር፤ የድሆቹን አባት» አሉኝ። «እኔ እስላም፣ እሱ ኦርቶዶክስ፣ መጽሐፉ የካቶሊክ!» ሳቁ። «አንድ ቤት ሰው ሁሉ ታሞ፣ ቅዱሱ ለሕዝቡ ቢናገር አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን ምግብ ተሸክሞ ሄደ። ማን ይጨርሰዋል? ሊበላሽ ሆነ። ከዚያ ነው ተራ ያስያዛቸው።»

ሸሚዞቹን አወጣሁ። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቁልፎቻቸውን በድርብ ክር አጠንክሬ ተክያቸዋለሁ።

«ኧረ አቦ! ይሄን ሁሉ ቁልፍ በምኔ ልቆልፈው?» ሁለቱን እጆቻቸውን አነሱ። «መምህሩን ያስተማርኩትን እሱ አንቺን አላስተማረሽም?»

«ምኑን?» አልኳቸው። እሳቸው ከአልጋቸው ራስጌ አንድ ያረጀ ግራጫ ካፖርት ሳቡ። በቁልፎቹ ፋንታ የጨርቅ ማሰሪያዎች ተሰፍተውበታል። አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው፣ ሌላውን በመዳፋቸው ይዘው እንዴት እንደሚያስሩት አሳዩኝ። ጨርቁን አወቅሁት፤ የባለቤቴ ሰማያዊ ከረባት ነው። ካፖርቱም ከዓመታት በፊት «አውቶቡስ ላይ ጠፋብኝ» ያለኝ ነው። ያን ጊዜ ዝርክርክ ብዬ ተቆጥቼው ነበር።

ክርኑ ተቀዷል።

«ይሞቅዎታል?» አልኳቸው።

«ድሮ ይሞቀኝ ነበር።»

ከሲስተሯ መቀስና መርፌ ተዋስኩ። የተከልኳቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆረጥኩ። ለማሰሪያ የሚሆን ጨርቅ ስላልነበረ የሐዘን ጥቁር ሻሼን ከራሴ ላይ አውርጄ ቀደድኩት። ሸሚዞቹ ሲያልቁ እጄ ሥራ ፈታ። ከዚያ የለበስኩትን ካፖርት አወለቅኩ። እሱን ስሰፋ ቀኑ ተጋመሰ።

አባ አህመድ ለበሱት። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ «ተዪው ልጄ» አሉኝ። ራሳቸው አሰሩት።

ስመለስ ቁልቢ ላይ ብርዱ ትከሻዬን ያዘኝ። ነጠላዬን ደርቤ ተቀመጥኩ።

ናዝሬት

የቆረጥኳቸውን ቁልፎች በባለቤቴ የመነጽር ማኅደር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጎረቤቴ እማማ ድንቄ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ በየእሑዱ አጥሚት አደርስላቸው ነበር። ጠጥተውት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያን እሑድ ባዶ እጄን ሄጄ «ምን ላድርግልዎ?» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «ፀጉሬን አበጥሪልኝ» አሉኝ።