የታሂር ፒክአፕና እርጥቡ ጆንያ

ቆቦ ውስጥ ታሂርን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን በፍርሃቱ ነው የሚያውቀው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ይነዳል። ነጭነቷ ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ቀለሟ የዋጃ መንገድ አፈር ነው። ቲማቲም ይጭናል፣ ሽንኩርት ይጭናል፣ የታመመ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል። ድልድይ ከሩቅ ሲያይ ከንፈሩ በዱዓ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ጭነት አስሮ ከጨረሰ በኋላ ልቡ አላምን ስለሚለው ገመዱን ፈትቶ እንደገና ያስራል፤ በቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ ይደርባል። «ታሂር ካመጣት ሙሽራዋ መድረሷ አይቀርም» ይላሉ የቆቦ ሰዎች፣ «የምትደርሰው ግን ልጅ አዝላ ነው።»

እሱ አይቆጣም። «የፈራ ቤቱ ይገባል» ብሎ ያልፋቸዋል።

ይህ ፍርሃቱ አብሮት ያረጀ፣ እንደ ሽርጡ የለመደው ፍርሃት ነበር። ዘንድሮ የገባበት ግን ሌላ ነው። ሚስቱ ሀስና ልቧን ታመመች። በየወሩ ደሴ ሄዳ ትታያለች። ሐኪሙ «ሙቀት አይንካት» አለ፤ ግንቦት ላይ ቆቦን አይቷት አያውቅም ማለት ነው። ግንቦት ቆቦ ላይ ጥላ ራሱ ጥላ የሚፈልግበት ወር ነው። የዞብል ተራራ በወላፈኑ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል። በማለዳ እንዳይነሱ፣ በዚያ ሰሞን በጥገና ምክንያት መንገዱ የሚከፈተው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነበር።

ባለፈው ወር ወደ ደሴ ሲሄዱ፣ ጎብዬ መግቢያ ላይ የሀስና ራስ ትከሻው ላይ ዘንበል አለ። እንቅልፍ የወሰዳት መሰለው። «ሀስና» አላት። መልስ የለም። መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ሮጠው መጥተው ውሃ ረጩባት፣ በነጠላቸው አራገቡላት፤ በስንት መከራ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ታሂር በጎኑ ያለውን ወንበር ባዶውን እንኳ ማየት ይፈራል።

ዘካሪያስ ዘንድ የሄደውም ለዚህ ነው። ዘካሪያስ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር የሚሠራ ወጣት መካኒክ ነው። አደጋ ከደረሰበት አዲስ መኪና የተፈታ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የኤሲ ኮምፕሬሰር ከነቱቦው አስመጣለት። ታሂር የሕፃን ራስ የሚያክለውን፣ የሚያብረቀርቀውን ብረት አየና ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

«ይሄ ነው ብርድ የሚሠራው?»

«ይሄ ነው ጋሽ ታሂር። ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ጋዝ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል።»

«ሲለቀቅ? የት ነው የሚለቀቀው?»

«እዚያው ቱቦው ውስጥ ነው፤ ውጭ አይወጣም።»

«ቢወጣስ?»

«አይወጣም አልኩ እኮ!»

አሮጌው ሞተር ለእንዲህ ያለ እንግዳ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ዘካሪያስ ብረት ቆርጦና በይዶ ማቀፊያ ሠራለት። የኮምፕሬሰሩ መዘውር፣ ፑሌጃው፣ ከሞተሩ ፑሌጃ ጋር በአንድ መስመር ካልሄደ ሁለቱን የሚያያይዘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይበጠሳልና፣ ክር ወጥሮ በአንድ ዓይኑ እያየ አሰረ፣ ፈታ፣ ደግሞ አሰረ። ታሂር ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ትንሽ አረፈ፤ የሚጠራጠር ሰው ይወዳል። በመጨረሻ ዘካሪያስ ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ራዲያተር የሚመስል ስስ ፍርግርግ አቆመ።

«ይሄን ልብ ይበሉ። ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ንፋስ ይፈልጋል። ንፋስ ካጣ ይታፈናል፣ ግፊቱ ይጨምራል።»

«ከዚያ ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም። ሲጨንቀው ራሱን ያጠፋል። አዲስ ነገር ብልህ ነው፣ ጋሽ ታሂር።»

ሞተሩ ተነሣ። ዘካሪያስ አዲሱን ማብሪያ ሲጫን ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ፒክአፗ ጅራፍ እንደነካው በሬ ተንዘፈዘፈች። ዘካሪያስ ቀና ብሎ ቢያይ ታሂር የለም። ከግራሩ ግንድ ኋላ የሽርጡ ጫፍ ብቻ ይታያል።

ማዶ ሻይ የምትሸጠው ታንጉት እኩያው ናት፤ አትምረውም። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ሲሉ እሰማ ነበር» ብላ ጮኸች፣ «አንተን ደግሞ ብርድ ውስጥ ሊያልብህ ነው!»

ታሂር እያፈረ ወጣ። ገብቶ ተቀመጠና እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ቀዳዳ ዘረጋ። ከዚያች ዕድሜዋን ሙሉ አቧራ ስትተፋ ከኖረች ቀዳዳ፣ ደጋ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚነፍሰው ዓይነት ንፋስ ወጥቶ መዳፉን ነካው። መዳፉን ገልብጦ አየው። የሚታይ ነገር አልነበረበትም። «ሱብሃነላህ» አለ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው።

የደሴው ጉዞ ቀን ግን ፍርሃቱ ቀድሞት ተነሣ። ያቺ አሮጊት ፒክአፕ ይህን ሁሉ ተሸክማ በዚህ ፀሐይ ብትፈላስ? በራያ ቆላ ውሃ የሚቀዘቅዘው በጆንያ ነው፤ ጀሪካኑ እርጥብ ጆንያ ይለብስና ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ንፋስ ሲነካው ውሃው ጉሮሮ የሚያርስ ይሆናል። ሾፌሮችም ይህን ከእናቶቻቸው ወስደው በበጋ የተነከረ ጆንያ በመኪናቸው አፍንጫ ላይ ይሰቅላሉ። ታሂርም ጆንያውን ነክሮ በፍርግርጉ ፊት ሰቀለ። አሰረው። ፈታና እንደገና አሰረው።

ሀስና ልጃቸውን ኢቅራን በስልክ ተሰናብታ ስትወጣ አየችው። «የኢቅራ አባት፣ መካኒኩ ያስፈልገዋል ያለህ ንፋስ ነው ወይስ ጆንያ?»

«በእርጥብ ጆንያ የቀዘቀዘ ንፋስ ከሆነማ ማሽኑ የበለጠ ይወደዋል። አብሽሪ።»

እስከ ሮቢት ድረስ መንገዱ ጀነት ነበር። ውጭ ፍየሎች አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ውስጥ የሀስና ሻርፕ በቀዝቃዛ አየር ይርገበገባል። ታሂር ይህን በአንድ ዓይኑ፣ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ በሌላው ዓይኑ ያያል። ከሮቢት አልፈው ግን አስፋልቱ እየተጠገነ ስለነበር ወደ ጎን ጥርጊያ ወረዱ። ከፊታቸው አንድ ከባድ መኪና አቧራውን እንደ ግድግዳ እያቆመ ይሄዳል። ማለፍ ፈራ። ከኋላው ቀስ ብሎ ተከተለ።

አየሩ ለብ አለ። መርፌው ቀና ማለት ጀመረ።

ጆንያው ደርቆ ይሆናል ብሎ ቆመ። ከጭነቱ ላይ ጀሪካኑን አውርዶ በችኮላ ደፋበትና ተመልሶ ገባ። አቧራው እንደገና ዋጣቸው። ትንሽ እንደሄዱ «ጠቅ» አለና ከቀዳዳው የሚወጣው አየር የምድጃ ትንፋሽ ሆነ።

«ታሂር» አለች ሀስና። በስሙ የምትጠራው ሲጨንቃት ብቻ ነው። «ታሂር፣ አየር…»

መስኮቱን ከፈተላት። የገባው እሳት ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ግራ ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው፣ ባዶ፣ የተሰነጠቀ፤ ውሃ የሚረጭ ሴት የለም፣ የሚያራግብ ነጠላ የለም። ቆመ። ከኮፈኑ ሥር የሚንተከተከውን ነገር ሰማ። ብቀርበው ይፈነዳል አለ በልቡ። ካልቀረብኩት ትሞታለች። በሩን ከፍቶ ወረደና ወደ መኪናዋ አፍንጫ ሄደ።

እጁን ጆንያው ላይ አሳረፈ። ጆንያ አልነበረም፤ ምርጊት ነበር። ያጠጣው ውሃና የመንገዱ አቧራ ተላቁጠው፣ በሞተሩ ትኩሳት ደርቀው ግድግዳ ሠርተዋል። በጥፍሩ ሲቧጥጠው እንደ ቤት ግድግዳ ተፈረፈረ። ንፋስ ካጣ ይታፈናል። አሁን ገና ሰማው። መኪናይቱን አፏን ይዞ ያፈናት እሱ ነው፤ ሀስናንም አብሮ።

ቋጠሮውን ያዘ። አልፈታ አለ። በቋጠሮው ላይ ቋጠሮ፣ በዚያ ላይ ሌላ። ዕድሜውን ሙሉ እንዳይፈታ ብሎ ሲያስር የኖረ እጅ የገዛ ሥራውን መፍታት አቃተው። «ያ ረቢ» እያለ በጥርሱ ነከሰው፤ አፈር አፉን ሞላው። መጨረሻ ላይ ገመዱን ተወና ጆንያውን ራሱን ከመሃል በሁለት እጁ ቀደደው። የጋለው ብረት ጣቱን ጠበሰው፤ አላወቀውም።

ገብቶ አቧራው እንዳያፍናት መስኮቷን ዘጋና ነዳ። ያን ከባድ መኪና ጥሩንባ እየነፋ አለፈው፤ በሕይወቱ እንዲህ አልፎ አያውቅም። ንፋስ በተራቆተው ፍርግርግ ውስጥ ሲገባ ተሰማው። መርፌው አመነታ፣ ከዚያ ወረደ። «ጠቅ» አለ። ያ የጎህ ንፋስ ተመለሰ።

 የሀስና ራስ ግን መስኮቱን ተደግፏል፣ ዓይኗ ተከድኗል። ታሂር ማየት ፈራ፤ ለመጥራትም ፈራ፤ መልስ ያጣበት ያ ቀን ጆሮው ውስጥ ነው። ጎብዬ ደረሱ፤ ሽንኩርት ሻጮቹ አውቀውት እጃቸውን አወዛወዙ። ቢቆም ፊቷን ማየት ግድ ሊሆንበት ነው፤ አልቆመም። ከከተማው ሲወጡ ሳያያት እጁን ልኮ እጇን ነካ።

ቀዝቃዛ ነበር።

ቆቦ ላይ በግንቦት የሰው እጅ እንዲህ ቀዝቅዞ የሚያውቀው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ታሂር ፍሬኑን ረገጠ። ፒክአፗ ተንሸራታ ከመንገዱ ጠርዝ ቆመች። «ሀስና! ሀስና!»

ዓይኗን ገለጠች። ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበችና ወደ ቀዳዳው ጠቆመች።

«የኢቅራ አባት፣ ይሄን ነገር ቀንስልኝ። በረደኝ።»

በዚያ መንገድ፣ በዚያ ወር፣ ይህን ቃል ከሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ማብሪያውን ፈለገው፤ ዓይኑ ከእሷ አልነቀል ስላለ አላገኘውም። ሀስና ቀረብ ብላ ፊቱን አየችው፤ በሻርፗ ጫፍ ግንባሩን ጠረገችለት።

«ምነው» አለች፣ «አንተን አላበህ?»