ከአንድ ቀን በፊት

«ኬኩን ይዘሽው ተመለሺ» አሉኝ ሚስተር ካርል። «ልደቴ ነገ ነው።»

«ነገ ጠዋት እህቴ ዘንድ ሙኒክ እሄዳለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ያመጣሁት።»

ኒው ሆፕ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ወዳለው አፓርትመንታቸው እየሄድኩ እሳቸውንና ባለቤታቸውን ሬዚን ስንከባከብ ሁለት ዓመቴ ነው። ሚስተር ካርል ነገ ዘጠና ዓመት ይሞላቸዋል። ልባቸው ደክሟል፤ በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ ሆስፒታል ተኝተዋል። ስመለስ ላላገኛቸው እችላለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። መልካም ልደት ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

ሬዚ ሳቁ። «ጀርመን ቀኑ ሳይደርስ ለልደት እንኳን አደረሰህ አይባልም፤ ሞት ይጠራል ይላሉ። እሱ ደግሞ የሰሜን ሰው ነው፣ ልደቱን እንደ ፋሲካ ነው የሚጠብቀው። እኔ የደቡብ ካቶሊክ ነኝ። በእኔ መንደር ልደትን ማን ያስታውሰዋል? የሚከበረው ስሙን የያዝሽው ቅዱስ የሚታሰብበት ቀን ነው።»

«እናቴም ልደቷን አታውቀውም፤ የምታከብረው ሚካኤልን ነው» አልኩ፣ ነገሩን ለማብረድ።

«ለቅዱሳን ቀላል ነው» አሉ ሚስተር ካርል። «እነሱ አንዴ ሞተው ጨርሰዋል።»

ሬዚ ሳቃቸውን አቆሙ።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አሉኝ ሚስተር ካርል።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

«ቀኑ ካለፈ በኋላ ይቻላል። ያኔ መጥተሽ ትይኛለሽ።»

ኬኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። በመራመጃ ዎከራቸው ተደግፈው እስከ በሩ ሸኙኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በደህና ያገናኘን ልላቸው ስል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ቀስ ብለውም በሩን ዘጉት።