ማሽኗ የእናቴ ስጦታ አልነበረችም

ኤዶ ሮዳ ሞተች ይሉኛል። እንዴት ሆኖ? ትናንት ከሰዓት ደጄ ላይ ቆማ «ጫፉን አሳጥሪልኝ» ብላ የሰጠችኝ ቀሚስ እኮ እዚህ ጭኔ ላይ ነው።

ልጇ ጠዋት ደውላ ስትነግረኝ «ተሳስተሽ ይሆናል» አልኳት። ሰው በእናቱ ሞት ይሳሳታል? ግን እንደዚያ አልኳት።

ለማታውቋት፦ ኤዶ ሮዳ እዚህ ሀርጌሳ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ነበረች። «ኤዶ» በሱማሊኛ አክስት ማለት ነው። አማርኛውን በስደት ዘመኗ ጅጅጋ ተምራ፣ ከእኔ ከድሬዳዋ ልጅ በላይ ትቀልድበት ነበር። መጀመሪያ አንቱ ስላት «ብቻዬን ነኝ እኮ፣ ከማን ጋር ደምረሽ ነው የምታወሪኝ?» ብላ አሳቀችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኳት ኖርን።

ስለ ደግነቷ ብቻ ጽፌ ማለፍ እችል ነበር። ጀምሬውም ነበር፣ አጠፋሁት።

ባለፈው ዓመት የለጠፍኩትን ፎቶ ታስታውሱታላችሁ። ጥቁሯ፣ በእጅ የምትዞረው የስፌት ማሽኔ። «የእናቴ ስጦታ» ብዬ ጻፍኩበት፣ እናንተም በልብ ምልክት አጥለቀለቃችሁኝ። ውሸት ነው። እናቴ መርፌ እንኳን አልሰጠችኝም፤ ምስኪን፣ እሷስ የት አግኝታ።

ማሽኗ የኤዶ ሮዳ ናት።

ሀርጌሳ የመጣነው ከተማዋን ያፈራረሰው ጦርነት ጨርሶ ሳይበርድ ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ የፈረሰው ሊጠገን ነው ሲባል ሰምቶ ይዞኝ መጣ። ጣሪያው በግማሽ የቀረ ቤት ውስጥ ተጠለልን። ግቢውን ሲያስተካክል አካፋው እንጨት መታ። በላስቲክና በብርድ ልብስ የተጠቀለለች የስፌት ማሽን፣ ከነሣጥኗ።

ሰው በቦምብ ድብደባው ጊዜ ሊሸከመው ያልቻለውን ቀብሮ እንደሸሸ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። «ባለቤቱ በሕይወት ቢኖር እስካሁን ይመጣ ነበር» አልኩ። ራሴን እያታለልኩ እንደሆነ ያን ጊዜም ገብቶኛል።

ሽታዋ ግን ቤት አያስቀምጥም። ሻጋታ፣ እርጥብ አፈርና የከረመ ዘይት አንድ ላይ። ያለኝን ሽቶ በሙሉ አፈሰስኩባት። ጭራሽ ባሰባት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት መጣች።

«አባዮ፣ እህቴ» አለችኝ፣ «ከጦርነቱ በፊት እዚህ ተከራይቼ ነበር። ግቢው ውስጥ የስፌት ማሽን ቀብሬያለሁ።»

«ቀድመውሻል» አልኳት። «እኛ ስንገባ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባዶውን ነው ያገኘነው።»

ማሽኗ ከኋላዬ፣ አንሶላ ለብሳ ቁጭ ብላለች። ሁለት እርምጃ ብቻ።

ሴትዮዋ ውሃ ለመነችኝና ገብታ ተቀመጠች። አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አንሶላውን አየች፣ ከዚያ ሆዴን አየች፤ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ውሃዋን ጨርሳ እንዲህ አለች፦

«ወላሂ፣ አንድ ቀን መሬት ውስጥ የከረመ ማሽን ካገኘሽ ሽቶ እንዳታፈሺበት። ማሽኗን ከሣጥኗ አውጪያት። ከሥሯ ዘይት የጠጣ የሱፍ ጨርቅ አለ፤ እሱን ጣይው፣ ግማሹ ሽታ አብሮት ይሄዳል። ብረቱን በላምባ እጠቢ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፤ ሲደርቅ አዲስ ዘይት። ሣጥኑን ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ጥረጊና ክዳኑን ከፍተሽ የጠዋት ፀሐይ ስጪው። የቀትሩን አይደለም፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ደረቅ ከሰል ውስጡ አድርገሽ አንድ ሳምንት ዝጊው።»

«ኮምጣጤ ከሌለኝስ?» አልኳት።

አይ አፌ! ለሌለ ማሽን ኮምጣጤ ይጠየቃል?

ፈገግ እንኳን አላለችም። «እልክልሻለሁ» አለችና ወጣች። ላከችልኝም።

ያለችኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። በሳምንቱ ክዳኑን ስከፍት የእንጨት ሽታ ብቻ ነበር። በዚያች ማሽን ልጆቼን አሳደግኩ። ኤዶ ሮዳ ደግሞ ደንበኛዬ ሆነች፤ በገዛ ማሽኗ የእሷን ቀሚስ፣ የልጇን የተማሪ ቤት ልብስ እየሰፋሁላት። በር ላይ ስትደርስ ከእኔ ጤና በፊት «ማሽኗ ደህና ናት?» ትላለች። «ደህና ናት» እላታለሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ያን ፎቶ ስለጥፍ ልጇ አሳይታታለች። በማግስቱ መጥታ «ማሻአላህ፣ እናትሽ ዕቃ መምረጥ ታውቅበታለች» አለችኝና ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያኔ እንኳን አልተናገርኩም።

ለምን ዝም እንዳለችኝ አላውቅም። ለሆዴ አዝና ይሆናል። ከጦርነት ተርፋ ለአንድ ማሽን መጣላት ታክቷት ይሆናል። አልጠየቅኳትም፣ መጠየቅ ጥፋቴን ማመን ነውና። ረመዳን ሲመጣ «ዘንድሮ እነግራታለሁ»፣ ፋሲካ ሲመጣ «ዘንድሮ እነግራታለሁ» እያልኩ ዕድሜያችንን ጨረስኩት።

ለልጇ ዛሬ ጠዋት ነግሬያታለሁ፤ ማሽኗንም አስረክባታለሁ። እባካችሁ ከሥር «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ዕቃ መመለስ ጥሩነት አይደለም።

ኤዶዬ፣ ማሽኗ ያንቺ ነበረች። አገኘኋት፣ ደበቅኳት፣ ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ዋሸሁሽ። ይህን ለመንገር መንገድ መሻገር እንኳን አልነበረብኝም። በእናንተ ወግ አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ፣ በእኛም ነፍስሽን ይማር። ደህና ሁኚ። ዛሬ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው ሁሉ እውነቱን ሰማ፤ ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ።