አልጣሽና አረፋው መድኃኒት

አልጣሽን የማያውቅ የሰቆጣ ቁስለኛ አልነበረም። በጤና ጣቢያችን ሃያ ዓመት ቁስል ስታጥብ የኖረች ድሬሰር ናት። እኔ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ድምፅዋን እሰማለሁ፤ «አትንቀሳቀስ! ሲያፈላ ነው የሚያድነው!» ትላለች። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ላይ ጠብ ሲል ነጭ አረፋ ይደፍቃል፤ ሕዝቡም ስሙን ትቶ «አረፋው መድኃኒት» ይለው ነበር። ያለ አረፋ የታጠበ ሰው እንደተበደለ ይቆጥራል። ይህን እምነት ያስፋፋችው ራሷ አልጣሽ ናት፤ ብትቆጣም እውነቱን እናገራለሁ።

በ1996 ዓ.ም. በገና ማግስት ታላቅ ወንድሟ ደሴ ከጽጽቃ በእግሩ መጣ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ እንደ አባት ታከብረዋለች፣ እንደ አባትም ትፈራዋለች። ጨጓራው ካመመው ሁለት ዓመቱ ነው። ምሳው የሚባለው የጤና መኮንናችን ቀደም ብሎ «የጨጓራ ቁስለት ነው፣ ባክቴሪያ አለበት» ብሎ የሁለት ሳምንት ክኒን ሰጥቶት ነበር። ደሴ ግን በአራተኛው ቀን ተወው።

«ቁስል ነው አላሉኝም?» አለ ቁስል ማጠቢያው ክፍል ገብቶ፤ እኔም ካርዱን ይዤ ተከትዬው ነበር። «ቁስል ደግሞ በምን እንደሚድን ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?» ከጋቢው ሥር ከመድኃኒት መደብር የገዛውን የ«አረፋው መድኃኒት» ጠርሙስ አወጣ። «ዛሬ ወደ ቤቴ መንገድ ስጀምር እጠጣዋለሁ።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ልናገር ነበር፤ አልጣሽ በዓይኗ ቆጣ አለችኝ። ለመነችው፣ አስፈራራችው፤ ጭራሽ በኽምጣና ቋንቋ ይጮህባት ጀመር። ሲናደድ አማርኛው ይጠፋዋል። ከእጁ ነጥቃ እንዳትወስድ ታላቋ ነው። እየጠጣ ሲወድቅ ታያት መሰለኝ፣ ሌላ ዘዴ ፈለገች።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው። ጎረቤት ለበዓል ካረደው ፍየል ቁራጭ ጨጓራ አስመጣች፤ ሦስት ጊዜ አጥባ ሳህን ላይ አደረገችው።

«ይሄ ቁስል አለው?»

«ደህና ነው» አለ ደሴ።

ከራሱ ጠርሙስ አፈሰሰችበት። ጨጓራው አረፋ ደፈቀ። ስትጠርገው ላዩ ነጥቶ ነበር።

«አዩ? ደህናውንም አይምርም» አለችው። «ሥልጠና ላይ እንደነገሩን ሰውነታችን ራሱ ይህንን በጠብታ ይሠራል። ጀርም ሲገባ የደም ሕዋሳቱ በሚያቃጥል ኦክስጅን ያሳድዱታል። በልኩ ሲሆን ይጠብቀናል። ጀርሙ አልወጣ ካለ ግን ሌባ ለማባረር ችቦ ይዞ በሣር ቤት ውስጥ እንደመሯሯጥ ነው፤ የሚነደው ቤቱ ነው። የእርስዎ ጨጓራ እየነደደ ነው። ክኒኑ ሌባውን ሲያስወጣው እሳቱም ይበርዳል። እርስዎ ግን ችቦ ሊጨምሩ መጡ!»

ደሴ ሳህኑን አገላብጦ አየ። ድምፁ ለሰለሰ።

«ጥሩ። ደህናውን ሥጋ ከነካ፣ አንቺ ሃያ ዓመት ሰው ቁስል ላይ ያፈሰስሽው ምኑን ሲነካ ኖረ?»

አልጣሽ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ያንን ሥልጠና ከወሰደች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስለ ሆድ የተማረችውን ወደ ራሷ የእጅ ሥራ አምጥታው አታውቅም። ተቀመጠችና አለቀሰች። ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም አዘንኩ። ደሴ ጠርሙሱን መዳፏ ላይ አኖረላት። «እኔ ክኒኔን ከመጀመሪያው ጀምሬ እውጣለሁ፤ አንቺም ይሄን እውነት ዋጪው» አላት።

ለፋሲካ ሲመጣ ሆዱ ድኖ ነበር። እሷም አስቀድማ ከምሳው ጋር ተማክራ፣ ቁስልን አፍልታ ባቀዘቀዘችው የጨው ውሃ ማጠብ ከጀመረች ሰንብታ ነበር። በጨው ውሃ የታጠበችው የመጀመሪያዋ በሽተኛ እታለም የምትባል የፃግብጂ ገበሬ ነበረች፤ እግሯን ዘርግታ «አረፋውስ?» ብላ ጮኸች።

«አረፋው ልብሽን ደስ ለማሰኘት ነበር፣ እህቴ» አለቻት አልጣሽ፤ ካርድ ክፍል ድረስ በሚሰማው ድምፅዋ። «ተሳስቼ ነበር።»